ቃሚ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ምን ያህል ይታመናል?

በመጠይቅ ላይ ስለ ቆሙት የጫት ጥናቶች የቀረበ ሂስ

ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ስለ ሌላውም ሱስ በአገራችን የሚደረገው ምርምር፣ ከጥቂቱ በቀር፣ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ተጠያቂው ስለ ራሱ በሚሰጠው ቃል ላይ ነው። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ከደጅ ይደርሳል፤ «ቅመው ያውቃሉ? በሳምንት ስንት ቀን? ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተመለሰለትንም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ መልሱ በመቶኛ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይቀመጣል። ቁጥሩ በሠንጠረዥ ከተቀመጠ ዘንድ ግን አስቀድሞ የሰው ቃል እንደ ነበረ ይረሳል፤ እንደ ተመዘነ እህል፣ እንደ ተለካ መሬት ይቈጠራል።

በዚህ ነገር ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው፣ በኮሌጆቻችን በሚዘጋጁት የመመረቂያ ጽሑፎች አዘውትሮ የሚገኘው፣ የተባለውን ሁሉ እንደ ተባለ መቀበል ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ «ጥናቱ በተጠያቂዎች ቃል ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ጕድለት ሊኖረው ይችላል» የሚል አንድ መስመር ይጨመርና ነገሩ ያበቃል። ሁለተኛው ስሕተት የጐረቤትና አንዳንድ ጊዜም የሕክምና ቤት ነው፤ «ሱሰኛ ምን ቃል አለው» ብሎ የተናገረውን ሁሉ መጣል ነው። የፊተኛው ቁጥራችንን ያበላሻል፤ የኋለኛው ሰውየውን ያጠፋል፤ ቃሉ የማይታመን ሕመምተኛ «አመመኝ» ቢልም የሚሰማው የለምና። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ከሁለቱም ራቅ ብሎ፣ ቃሉ መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደማይታመን መለየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ምርመራ ቦሌና የዐዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ ሚካኤልና አያት ድረስ የሚኖረው ሕዝብ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ነው። በቦሌ ሚካኤል ብዙ ሶማሌዎች ይኖራሉ፤ በሌላው ሰፈር የጉራጌ፣ የሐረር፣ የወሎ፣ የጐጃም፣ የሸዋ ሰው ተቀላቅሎ ይኖራል። እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ ጫት ለአንዱ እንግዳ የሚያከብርበት ሲሆን፣ ለጐረቤቱ ከአባት የሚደበቅ ነገር ነው። አንዱ መጠይቅ ለሁለቱም ሲቀርብ ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ጥያቄው አንድ አይደለም።

ለሂሳችን መነሻ የሚሆነን ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና ጉናር ኩልግረን በ1999 ዓ.ም. ያሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ነው። ይህ ሥራ በአገራችን ስለ ጫት መቃም ከተጻፉት ሰፋፊ የሕዝብ ጥናቶች አንዱ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የጻፉት ሁሉ ይጠቅሱታል። 10,468 ዐዋቂ ሰዎች ተጠይቀው፣ ቅመው የሚያውቁት 55.7 በመቶ፣ በጥናቱ ጊዜ የሚቅሙት 50 በመቶ መሆናቸው ተመዝግቧል። ከሚቅሙትም ውስጥ በየቀኑ እንቅማለን ያሉት 17.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ምክንያቱም ሲጠየቁ ከቃሚዎቹ 80 በመቶ ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናግረዋል።

በዚህ ሥራ ላይ የምናቀርበው የመጀመሪያ አስተያየት ወቀሳ ሳይሆን ምስጋና ነው። ከሕዝቡ እኩሌታው «እቅማለሁ» ብሎ በግልጥ መናገሩ፣ ነውር ባልሆነበት ስፍራ ሰው እውነቱን ለመናገር እንደማያመነታ ያሳያል። ከተጠየቁት 74 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ፤ በዚያ አገር ጫት ከጸሎትና ከጉባኤ ጋር የኖረ ነገር ነው። ወቀሳው የሚነካው ጥናቱን ሳይሆን በኋላ የጠቀሱትን ነው። «ከሕዝቡ እኩሌታው የጫት ሱሰኛ ነው» የሚለው አነጋገር ከዚህ ሥራ አይወጣም፤ በየቀኑ የሚቅመው ከቃሚዎቹ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። በየቀኑ መቃምም ቢሆን ለብቻው ሱስ አይባልም።

ስለ ምክንያቱ የተሰጠው መልስ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሰው «ለምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው በማኅበሩ ዘንድ የሚከበረውን ምክንያት ነው። ለጸሎት እቅማለሁ ያለው ሰው ዋሽቷል ማለታችን አይደለም፤ እውነትም ይጸልይ ይሆናል። ነገር ግን ያው ሰው ጥዋት ሳይቅም ሥራ መጀመር አለመቻሉን በዚያ መልስ ውስጥ አናገኘውም። በቦሌ ተማሪው «ለጥናት ነው» ይላል፤ የጭነት መኪና ነጂው «እንቅልፍ ለማባረር ነው» ይላል፤ ሥራ ፈቱ «ጊዜ ለማሳለፍ ነው» ይላል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም የመጀመሪያውን ቀን ምክንያት እንጂ የዛሬውን አይነግረንም። ስለዚህ የምክንያት ጥያቄ ሰውየው ራሱን እንዴት ለሌላው እንደሚያስረዳ ያሳያል፤ ከዚያ አልፎ የሱሱ መንሥኤ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር የቃላት ነው። በመጠይቆቻችን «አደንዛዥ ዕፅ ይጠቀማሉ?» የሚል ጥያቄ ይገኛል። ቃሚው «አልጠቀምም» ይላል፤ በዚህም አልዋሸም። በእርሱ ዘንድ ጫት የሚያነቃ እንጂ የሚያደነዝዝ አይደለም፤ አደንዛዥ የሚባለው ሐሺሽና የመሳሰለው ነው። «ሱስ አለብዎ?» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛችን ሱስ የሚለው ቃል ከባድም ቀላልም ነው፤ ጥዋት ቡና ሳትጠጣ ራሷን የሚያማት እናት «የቡና ሱስ አለብኝ» ብላ በሣቅ ትናገራለች፤ ንብረቱን በጫት የጨረሰው ሰው ደግሞ «እኔ ሱስ የለብኝም፤ ስፈልግ እተወዋለሁ» ይላል። ስለዚህ የሚሻለው ሰዎቹ ራሳቸው በሚያውቁት ቃል መጠየቅ ነው። ሐራራ ምን እንደ ሆነ፣ ምርቃና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቈይ፣ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ማለት ጨብሲ፣ ልማድ መሆን አለመሆኑን፣ በማግስቱ ዱካክ እንዴት እንደሚያደርገው ቢጠየቅ፣ ቃሚው ሳያፍርና ሳይሳሳት ይመልሳል። ከውጭ አገር ቋንቋ የተመለሰ መጠይቅ እነዚህን ቃላት አያውቃቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ አሲስት የሚባለውን ስምንት ጥያቄ ያለበትን መመርመሪያ ብንመለከት፣ ትምባሆ፣ መጠጥ፣ ሐሺሽ፣ ኮኬይን እያለ የሚዘረዝር ሲሆን፣ ጫት ግን ለብቻው ስፍራ የለውም፤ ጠያቂው ወይ ከአነቃቂዎቹ ጋር ወይ «ሌላ» በሚለው መስመር ያስገባዋል። ሌላው አምስት ጥያቄ ያለበት የሱስ ክብደት መለኪያ ደግሞ «ስለ አጠቃቀምህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?»፣ «ለመተው ተመኝተህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ሁለት ነገር ይለካል። በክርስቲያን ቤት ያደገ ወጣት በወር ሁለት ጊዜ ተደብቆ ቅሞ ብዙ ይጨነቃል፤ በየቀኑ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ የሚቀመጥ ሽማግሌ ምንም አይጨነቅም። በመለኪያው የፊተኛው የባሰ ሱሰኛ ሆኖ ይወጣል። የተለካው ግን ሕሊናው እንጂ ሱሱ አይደለም።

ሦስተኛው የመጠን ነገር ነው። ሐኪሙ በግራም ማወቅ ይፈልጋል፤ ሻጩ በእስር ይሸጣል፤ ቃሚው በብር ያስታውሳል። እስሩ እንደ ሻጩ፣ እንደ ወራቱና እንደ ጫቱ ዓይነት ይለያያል፤ የበለጬ እስርና የወንዶ እስር አንድ አይደለም። ከዚህም በላይ ከእስሩ የሚበላው ለጋው ቅጠል ነው፤ ገረባው ይጣላል። በማስቃሚያ ቤት ደግሞ አንዱ ገዝቶ ብዙዎች ይቅማሉ፤ የገዛው ብዙ የቃመ፣ ያልገዛው ያልቃመ ይመስላል። «በቀን አንድ እስር» የሚል መልስ እንግዲህ ትክክለኛ ቁጥር ይምሰል እንጂ በውስጡ ምን ያህል ቅጠል እንዳለ አይታወቅም። ስለ መጠጥም ያው ነው፤ በፋብሪካ የተሠራው ቢራ በጠርሙስ ይቈጠራል፤ በኮተቤ ጓዳ የተጠመቀው ጠላና የወጣው አረቄ ግን በምን ይለካል?

አራተኛው የጊዜ ነገር ነው። መጠይቆቹ «ባለፉት ሠላሳ ቀናት» ወይም «ባለፉት ሦስት ወራት» ይላሉ። በአገራችን ወራት እኩል አይደሉም። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ከመጠጥ የሚታቀብ ብዙ ክርስቲያን አለ፤ በረመዳንም ቀን አይቀመም፤ የሚቅመው ከፈጥር በኋላ ሌሊቱን ነው። በመጋቢት የተጠየቀውና ከፋሲካ በኋላ የተጠየቀው አንድ ሰው ሁለት የተለያየ፣ ግን ሁለቱም እውነት የሆነ መልስ ይሰጣል። ጥናቱ በየትኛው ወር እንደ ተደረገ ካልተገለጸ፣ ሁለት ጥናቶችን አስተያይቶ «ቀንሷል» ወይም «ጨምሯል» ማለት አይገባም። የማስታወስም ችግር አለ፤ በየቀኑ የሚያደርገውን ሰው በቀላሉ ይናገራል፤ አልፎ አልፎ የሚያደርገውን ግን ይረሳል ወይም ጊዜውን ያቀራርባል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን «ለማን ነው የምናገረው?» የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ቅመን እናውቃለን ያሉት ከሴቶች 12 በመቶ፣ ከወንዶች 27 በመቶ ነበሩ። ይህን ከቡታጅራው ቁጥር ጋር አጋጥሞ «ሕዝቡ ዋሽቷል» ማለት ስሕተት ነው፤ አንዱ የአንድ አውራጃ፣ ሌላው የመላው አገር ነውና። በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሊመረመር ይገባዋል። ከልዩነቱ አብዛኛው እውነተኛ እንደ ሆነ አንጠራጠርም፤ ሆኖም ሴት ስትቅም ከወንድ ይልቅ ስለምትነቀፍ፣ አማትና ጐረቤት በሚሰማበት ቤት ውስጥ ስትጠየቅ ምን እንደምትመልስ መገመት አያዳግትም።

ወጣት መርማሪ የአባቱን እኩያ «ጋሼ፣ ጫት ይቅማሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም ያፍራሉ። ሽማግሌው «ኧረ የለም ልጄ» ቢል የልጁን ኀፍረት መሸፈኑ ጭምር ነው። በእኛ ዘንድ ለአክብሮት የሚሰጥ መልስ አለ፤ የታመመ ሰው «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ይህን በመዝገብ «ደኅና ነው» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የለም። መርማሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወረዳ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ተጠያቂው ከወረቀቱ ላይ የሚያየው የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን የወረዳውን ማኅተም ነው።

በዚህ ላይ ሕግ ይጨመራል። ጫት በአገራችን ያልተከለከለ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል። በዐዲስ አበባም ፖሊስ በተለያዩ ዓመታት የሺሻና የጫት ማስቃሚያ ቤቶችን ከቦ ሰው ይዟል፤ ዕቃም ወርሷል። ስለዚህ አንድ ወጣት ስለ ጫት በነፃነት የሚናገረውን ያህል ስለ ሐሺሽ ይናገራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አንድ መጠይቅ ሁለቱን አከታትሎ ሲጠይቅ ደግሞ የኋለኛው ፍርሃት የፊተኛውን መልስ ያበላሻል። ሕግ መልስን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ወደ እንግሊዝ አገር እንመልከት፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በለንደን ጫት በገበያ የሚሸጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ የሶማሌ ወይም የየመን ተወላጅ «ትቅማለህ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ልማድ መጠየቅ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጥፋት መጠየቅ ሆነ። ቅጠሉም ሰውየውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የመልሱ ዋጋ ነው።

እንግዲህ የሱሰኛ ቃል ከቶ አይታመንም ማለት ነውን? አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ጆን ቦል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በፖርቶ ሪኮ የሚገኙ 59 የናርኮቲክ ሱሰኞችን ጠይቆ፣ መልሳቸውን ከሆስፒታልና ከፖሊስ መዝገብ፣ እንዲሁም ከሽንት ምርመራ ጋር አስተያይቶ፣ በአብዛኛው የሚታመን ሆኖ አግኝቶታል። ሊ ሮቢንስ የተባለች ሴት ተመራማሪ በ1971 ዓ.ም. ከቬትናም ጦርነት ከተመለሱት ወታደሮች ወደ 900 የሚጠጉትን ስትጠይቅ፣ በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ዕፅ መውሰዳቸው ከተጻፈባቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ነግረዋታል። በ1998 ዓ.ም. የአውስትራሊያው ሼን ዳርክ ስለ መርፌ ተጠቃሚዎች የተጻፉትን ጥናቶች አሰባስቦ ሲመረምር፣ ቃላቸው ለምርምር የሚበቃ እምነት አለው ብሎ ደምድሟል።

በሌላ ወገን ግን በ1992 ዓ.ም. ኦስትሪያና ባልደረቦቹ በዲትሮይት ከተማ ባሳተሙት ጥናት፣ 3,010 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ዐይነ ምድራቸው ሲመረመሩ 44 በመቶው ዕፅ ተገኝቶባቸዋል፤ ከእናቶቹ መካከል ያመኑት ግን 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ጥናቶች መካከል ያለው ልዩነት የሰዎቹ ጠባይ አይደለም። ወታደሩ ቃሉ በምስጢር እንደሚያዝና እንደማይጎዳው ነበር የተናገረው፤ እናቲቱ ግን እውነቱን ብትናገር ልጇን ልትነጠቅ ትችላለች። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው የሚዋሸው ሱሰኛ ስለ ሆነ ሳይሆን እውነት የሚያስከፍለው ዋጋ ስለ በዛበት መሆኑን ነው። በዲትሮይት እናት ስፍራ የትኛዋንም እናት ብናስቀምጥ ልዩነት ያለ አይመስለንም።

አንዳንዶች «ታዲያ ቃሉን ትተን ሽንቱን ብንመረምር አይሻልም?» ይሉናል። ለጫት ይህ መንገድ ጠባብ ነው። የጫት ዋና ኀይል የሆነው ካቲኖን በ1975 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የታወቀ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ይጠፋል፤ ለዚህም ነው ቃሚ ትኩሱን የሚሻውና ሻጭ በኮባ የሚጠቀልለው። በሰውነት ውስጥም ቶሎ ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። በየክሊኒኩ የሚገኘው ፈጣን የዕፅ መመርመሪያ ለጫት የተሠራ አይደለም፤ የተለየ ላቦራቶሪ ቢገኝም ካቲኖኑ ከአንድ ቀን ብዙም ሳያልፍ ከሽንት ይጠፋል። ከጕንፋን መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ የሚመስል ምልክት ስለሚተዉ ያልቃመው የቃመ ሊመስል ይችላል። ሽንት ትናንትን ይነግረናል እንጂ ዐሥር ዓመቱን አይነግረንም፤ ሰውየው ለመተው ስንት ጊዜ እንደ ሞከረም አይነግረንም። ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስል በሕክምና በኩል ያለውን ጥቅም እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. የታተመ የየመን ጥናት፣ ጫት እየቃሙ አምፒሲሊን የዋጡ ሰዎች መድኃኒቱ ወደ ሰውነታቸው በሚገባ እንደማይገባ፣ ከቃሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን ይህ ችግር እንደማይታይ አሳይቷል። እንግዲህ ቃሚነቱን የደበቀ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳይጠቀምበት ይጨርሳል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ይጨምራል። በአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በምሥራቁ በኩል በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የሚመጣ ሰው ጫቱን ቢሰውር፣ የተመለሰበት ሕመም ከመድኃኒቱ ማነስ ይሁን ከጫቱ ለመለየት ያዳግታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ደባቂው ብቻ አይወቀስም። እውነቱን በተናገረ ጊዜ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ የሚዘልፈው ጠያቂ ያጋጠመው ሰው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለትን ይማራል። ያንን ዝምታ ያስተማረው ሱሱ አይደለም።

ከዚህ በላይ ከተባለው ተነሥተን በቦሌና በየካ ለሚመረምሩ ባልደረቦቻችን ጥቂት ሐሳብ እናቀርባለን። መጠይቁ በተጠያቂው ቃል ይጻፍ፤ «ዕፅ» ሳይሆን ጫት፣ ሺሻ፣ አረቄ ተብሎ በየስሙ ይጠየቅ። ሕግ የሚከለክለውና የማይከለክለው በአንድ ዝርዝር አይቀላቀል። መጠኑ በብርም፣ በእስርም፣ በሰዓትም ተጠይቆ ይነጻጸር፤ እስሩም ከገበያ ተገዝቶ በሚዛን ይታይ። የጥያቄው ወርና በዚያ ወር የነበረው ጾም ይመዝገብ። ጠያቂውና ተጠያቂው በዕድሜና በጾታ የሚቀራረቡ ይሁኑ፤ ሦስተኛ ሰው አይስማ። ስም አይጻፍ፤ እንደማይጻፍም ተጠያቂው በዐይኑ ይይ። ከሁሉም ይልቅ አንድ ጊዜ ጠይቆ መሄድ ይቅር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉብኝት የሚሰጠው መልስ ከፊተኛው ጋር ይተያይ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት አባቶቻችን ስለ ምርምር ዘዴ ባይናገሩም፣ ደጋግሞ ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ እኛም አላገኘንም።

መልሶቹ ሲለያዩም ሰውየውን ውሸታም ብሎ ከመዝገብ መሰረዝ አይገባም፤ ልዩነቱ ራሱ ማስረጃ ነው። በመጀመሪያው ቀን «አልቅምም» ብሎ በሦስተኛው ቀን «እቅማለሁ» ያለ ሰው፣ በመካከሉ ምን እንዳስፈራውና ምን እንዳደፋፈረው ቢነግረን፣ ከብዙ ሠንጠረዥ የበለጠ ዕውቀት ሰጥቶናል። የቃሚው ቃል ሊመዘን ይገባዋል፤ በሚመዘንበት ጊዜ ግን ከሚዛኑ በሌላው ወገን ጠያቂው፣ ጥያቄውና የተጠየቀበት ስፍራ አብረው መቀመጥ አለባቸው።